የአሸዋው ሸርጣን መቆንጠጫ የለውም፦ ‹‹የባሕር ዳር ፍልፈል›› ለተባለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ባዮሎጂ ከምናስተምር ባልደረቦች አንዱ በቅርቡ ‹‹የባሕር ዳር ፍልፈል›› የሚል ጽሑፍ አውጥተዋል። በባሕር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚኖር፣ የዘርፉ ባለሙያዎች ኤመሪታ ስለሚሉት ትንሽ እንስሳ፣ ስለ አሸዋ ሸርጣን ነው። ጽሑፉ የእንስሳውን አካል ይዘረዝራል፣ መኖሪያውን ይገልጻል፤ ማብቂያው ላይ ደግሞ ይኸው እንስሳ በጀማ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ስለሚገኝ ተማሪዎቻችንን ይዘን ወርደን እንፈልገው የሚል ሐሳብ ያቀርባል። ተማሪዎች በስልክ እየተቀባበሉ አንብበውታል። ከጽሑፉ በቀጥታ የተገለበጡ መልሶችም በፈተና ወረቀት ላይ መታየት ጀምረዋል።

ምላሽ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይህ ነው። ባሕር አጠገብ ያደገ ልጅ የተሳሳተ ነገር ቢያነብ በማግስቱ ወርዶ፣ አሸዋውን በእጁ ዝቆ እውነቱን ያያል። የመንዝ፣ የተጉለት፣ የቡልጋ ልጅ ግን ባሕርን የሚያውቀው በካርታና በሥዕል ነው። ያነበበውን የሚያርምበት ሌላ ቦታ የለውም። ስለዚህ ለእኛ ልጆች ስለ ባሕር የሚጻፍ ነገር ባሕር አጠገብ ላደጉ ልጆች ከሚጻፈው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

መምህሩ ርእሱን መምረጣቸው ያስመሰግናቸዋል። ክረስታሽያን የሚባሉት፣ እንደ ሸርጣንና ሽሪምፕ ቅርፊት ያላቸው እንስሳት እኛ ክፍል ውስጥ ስማቸውን አስጽፈን የምናልፋቸው ናቸው፤ እሳቸው ግን ከመካከላቸው አንዱን መርጠው በዝርዝር ለማሳየት ሞክረዋል። የምቃወመው አቀራረባቸውን ነው። አካሉን ለብቻው፣ መኖሪያውን ለብቻው አድርገው ጻፉት፤ ሁለቱን የሚያገናኘውን ሞገድ ግን ተዉት። ኤመሪታን ከሞገዱ ነጥሎ የሚገልጽ ሰው መሳሳቱ አይቀርም። ቀጥዬ የማነሣቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የመነጩ ናቸው።

‹‹በሁለት ጠንካራ መቆንጠጫዎቹ አሸዋውን እየቆፈረ ይገባል፤ የገብስ ማሳችንን እንደሚያስቸግረው ፍልፈል ማለት ነው›› ይላሉ።

መቆንጠጫ የለውም። ኤመሪታ ዐሥር እግር ካላቸው ክረስታሽያኖች አንዱ ነው፤ ሎብስተርም፣ ሽሪምፕም፣ ሁላችንም በሥዕል የምናውቀው ሸርጣንም በዚሁ ክፍል ውስጥ ይመደባሉ። የብዙዎቹ የፊት እግር ጫፉ ላይ ሁለት ጣት ስላለው ይቆነጥጣል። የኤመሪታ የፊት እግር ግን የሚያበቃው በአንድ ጠፍጣፋ፣ ሞላላ አካል ነው፤ ከወዲያ ማዶ የሚገጥመው ሌላ ጣት የለም። ሰው በመዳፉ ቢይዘው መቆንጠጥም መንከስም አይችልም፤ የሚያደርገው ነገር ቢኖር በመዳፍ ውስጥም ወደ ኋላ ለመቆፈር መታገል ነው።

ቀጥሎ ያሉት ሦስት ጥንድ እግሮች ጠፍጣፋና ጎበጥ ያሉ፣ ዳርና ዳራቸው በጸጉር የተሞላ ናቸው። ለመራመድ አያገለግሉም። አምስተኛው ጥንድ ቀጭንና ደካማ ሲሆን ከጀርባው ቅርፊት ሥር ታጥፎ ስለሚቀመጥ ከውጭ አይታይም፤ ሥራውም ስንጥቦቹን ማጽዳት ነው። ጽሑፉ ‹‹ስምንት እግር›› ያለው ይህን የተሸሸገ ጥንድ ባለመቁጠሩ ይመስለኛል። በአሸዋ ውስጥ ለሚኖር፣ በስንጥብ ለሚተነፍስ እንስሳ ግን ይህ ደካማ እግር ትልቅ ነገር ነው፤ ስንጥቡ በደቃቅ አሸዋ ከተደፈነ መተንፈስ ያቅተዋልና።

አቆፋፈሩን በተመለከተ ከፍልፈል ጋር ማመሳሰሉ ፈጽሞ አይሆንም። የኛ ፍልፈል በፊት ጥርሶቹ አፈሩን እየፈረፈረ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የፈረፈረውን ወደ ውጭ ገፍቶ ይከምራል፣ የሠራው ዋሻም ሳይፈርስ ይቆይለታል። ኤመሪታ የሚገባው በኋላው ነው። እግሮቹ ከሥሩ ያለውን አሸዋ ወደ ፊት ይጠርጋሉ፤ ከጅራቱ አጠገብ ያሉት ጥንድ ቀዘፋ መሰል አካላት ደግሞ ከኋላው ያለውን አሸዋ በፍጥነት ያማስላሉ። ጥቂት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይሰወራል። ዋሻ የሚባል ነገር ከኋላው አይቀርም፤ አሸዋው ወዲያው ይከደንበታል።

ይህ የሚቻለው አሸዋው በውኃ ስለራሰ ነው፤ እዚህ ላይ ሞገዱ ይመጣል። በውኃ የተሞላ አሸዋ ሲነቃነቅ ቅንጣቶቹ ከመተቃቀፍ ይላቀቃሉ፣ በመካከላቸው ያለው ውኃም እንዲንሸራተቱ ያደርጋቸዋል፤ ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ ፈሳሽ ይሆናል። ንቅናቄው ሲቆም ተመልሶ ይጠጥራል። ኤመሪታ ሲቆፍር አሸዋውን ያፈሳል፤ ሲያቆም አሸዋው ጨብጦ ይይዘዋል፣ ተከታዩ ሞገድም ነቅሎ አይወስደውም። ያንኑ እንስሳ ፀሐይ ያደረቀው አሸዋ ላይ ቢያስቀምጡት እግሮቹ በከንቱ ይወራጫሉ። ጽሑፉ ስለ እግሮቹ ጥንካሬ ብዙ ተናግሯል፤ የጉልበቱ ግማሽ የውኃው መሆኑን ግን አላነሣም።

የአካሉ ቅርጽም ከዚሁ ጋር ይታያል። ከላይ ሲያዩት እንቁላል ይመስላል፤ ግራጫ ወይም የአሸዋ ቀለም አለው። የጀርባው ቅርፊት ድቡልቡል ሆኖ በጎን በኩል ወርዶ እግሮቹን ይሸፍናል። የሚወጣ ሾጣጣ ነገር፣ ውኃ የሚይዝበት ጠርዝ የለውም። የጅራቱ ጫፍ ረዘም ያለ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ወደ ሆዱ ታጥፏል። ሞገድ ከአሸዋው ፈንቅሎ ሲያወጣው ይንከባለላል እንጂ አይሰበርም፤ በጅራቱ አካባቢ ባሉት ቀዘፋዎች ትንሽ ዋኝቶ፣ አሸዋ ሲነካ እንደገና ይቀበራል።

‹‹ፈሪ በመሆኑ ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቱን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ይውላል›› የሚለው ሁለተኛው ነው።

ነገሩ ተገልብጧል። በኋላው ስለሚገባ ጥልቅ የሚቀበረው ጅራቱ ነው፤ ጭንቅላቱ ወደ አሸዋው ገጽ ቀርቦ፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አድርጎ ይቀመጣል። ሁለት ጥቃቅን ዓይኖቹ በቀጫጭን ረዣዥም ዘንጎች ላይ ስለቆሙ ከአሸዋው በላይ ብቅ ይላሉ። ከዓይኖቹ አጠገብ ያለው የመጀመሪያው ጥንድ አንቴና፣ ማለትም መዳሰሻ፣ ጸጉራም ነው፤ ሁለቱ ሲገጥሙ የመተንፈሻ ቧንቧ ይሠራሉ። ጸጉሩ አሸዋውን ይከለክላል፤ ውኃው ብቻ ወርዶ ስንጥቦቹን ያገኛል። ይህ አቀማመጥ በፍርሃት የተያዘ ሳይሆን ለሥራ የተዘጋጀ እንስሳ አቀማመጥ ነው። ተማሪ ‹‹ፈሪ ነው›› ብሎ ከተማረ የዓይኑ ዘንግና የአንቴናው ቧንቧ ለምን እንደዚያ እንደሆኑ መጠየቁን ይተዋል፤ እኔን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይኸው ነው።

አመጋገቡ ላይ ሲደርሱ ‹‹አሸዋውን እየዋጠ በውስጡ ያለውን ምግብ ለይቶ ያስቀራል፤ የሞተ ዓሣም ይበላል›› ብለዋል። እዚህ ዘለግ አድርጌ ልናገር፤ የእንስሳው ዋና ድንቅ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ኤመሪታ አሸዋ አይውጥም። ሁለተኛው ጥንድ አንቴናው ከመጀመሪያው በጣም የሚረዝም፣ በደቃቅ ጸጉሮች በረድፍ በረድፍ የተሸፈነ ነው። እንስሳው ሳይመገብ ሲቀር እነዚህን አንቴናዎች ጠቅልሎ ከአፉ አካባቢ በታች፣ ሰፋፊ በሆኑት የአፉ መሸፈኛ አካላት ሥር ይደብቃቸዋል። ሞገድ መጥቶ ይሰበራል፣ ውኃው በዳርቻው ተዳፋት ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል፣ ጉልበቱ ሲያልቅ ወደ ባሕሩ መመለስ ይጀምራል። አንቴናዎቹ የሚዘረጉት በዚህ ጊዜ ነው። በመልስ ጉዞ ላይ ያለው ውኃ ከሚወጣው ይልቅ ቀጠን ያለና አቅጣጫው የታወቀ ስለሆነ፣ የተዘረጉት ሁለት አንቴናዎች በውኃው ውስጥ ያለውን ደቃቅ ሕይወት በጸጉሮቻቸው መካከል ያስቀራሉ። ከዚያ አንዱን ወደ አፉ ስቦ፣ በአፉ አካባቢ ባሉ አካላት ጠርጎ፣ የተጠራቀመውን ይበላል፤ ቀጥሎ ሌላውን። የሚበላውም ፕላንክተን ነው፤ በተለይ በዓይን የማይታዩ፣ እንደ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ የባሕር ሕዋሳት። ተከታዩ ሞገድ ከመምጣቱ በፊት አንቴናዎቹ ተጠቅልለው ይገባሉ፤ ውኃው ሲመለስ ደግሞ ይወጣሉ።

እንግዲህ ፊቱን ወደ ባሕር የማዞሩ፣ ጭንቅላቱ ወደ ላይ የመቅረቡ፣ ጅራቱ ወደ ታች የመቀበሩ ምክንያት ሁሉ እዚህ ይገናኛል። ይህ እንስሳ ምግብ ፍለጋ አይሄድም፤ ምግቡን ሞገዱ ያመጣለታል። የእሱ ሥራ በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው አቅጣጫ መቀመጥና የውኃውን ጊዜ መጠበቅ ነው። የሚራመድበት እግር የሌለው ለዚህ ነው፤ መቆንጠጫ የሌለውም ለዚህ ነው። ለሥዕሉ ሲባል መቆንጠጫ የጨመረ ሰው የእንስሳውን ኑሮ በሙሉ ለውጦታል።

የሞተ ዓሣ ጉዳይ ግን ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሂፓ የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው፤ ቅርጹ ተመሳሳይ ነው፣ እሱም በኋላው ይቀበራል። የሂፓ አንቴናዎች ግን አጫጭር ናቸው፤ ውኃ አያጣራም። ሞገድ የሚያመጣውን የሞተ እንስሳ፣ ዳርቻ ላይ የተጣለ ጄሊፊሽ ሳይቀር ይዞ ይበላል። ጽሑፉ የሁለቱን አመጋገብ አንድ ላይ ቀላቅሎታል። አንድ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ዓይነት ቅርጽ ይዘው፣ አንዱ ውኃ አጣሪ አንዱ ጥንብ አንሺ መሆናቸው ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ተቀላቅሎ ጠፋ።

አሁን ወደ መኖሪያው ልምጣ። ‹‹ከውኃው ራቅ ባለ ደረቅ አሸዋ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ይኖራል፤ ማታ ማታ ወጥቶ በዳርቻው ላይ ይሮጣል›› ተብሏል።

የተገለጸው ሌላ እንስሳ ነው። ኦሲፖድ የሚባለው የባሕር ዳር ሸርጣን ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ሌሊት ይወጣል፣ በፍጥነትም ይሮጣል፤ በቀይ ባሕር ዳርቻ ያለው ዝርያ ወንዱ ከጉድጓዱ አጠገብ የአሸዋ ክምር እንደሚሠራም የታወቀ ነው። እሱ እውነተኛ ሸርጣን ነው፤ መቆንጠጫም ዓይንም የሚያኮራ አለው። ምናልባት ጽሑፉ ላይ መቆንጠጫው የመጣውም ከዚህ እንስሳ ፎቶ ይሆናል። ኤመሪታ ግን አይሮጥም፤ ከናካቴውም አይራመድም፤ የሚመለስበት ቋሚ ቤትም የለውም።

የኤመሪታ ቦታ ሞገዱ ወጥቶ የሚመለስባት ጠባብ ቀበቶ ናት። አንዴ ውኃ ይሸፍናታል፣ ወዲያው ይለቃታል፣ ደግሞ ይሸፍናታል። ይህች ቀበቶ አንድ ቦታ አትቆምም። የጨረቃና የፀሐይ ስበት ባሕሩን በቀን ውስጥ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርገው፣ ብዙ ዳርቻዎች ላይም ይህ በቀን ሁለት ጊዜ ስለሚሆን፣ ቀበቶዋ ወደ የብስ ትወጣለች፣ ወደ ባሕር ትወርዳለች። ኤመሪታዎችም አብረዋት ይጓዛሉ። ባሕሩ ከፍ ሲል ከአሸዋው ወጥተው ሞገዱ ሽቅብ እንዲገፋቸው ያደርጋሉ፣ ይቀበራሉ፤ ዝቅ ሲል እንዲሁ ወጥተው ከተመላሹ ውኃ ጋር ይወርዳሉ። ደረቅ አሸዋ ላይ የቀረ እንስሳ ምግብም ትንፋሽም ያጣል፤ ወደ ጥልቁ የገባ ደግሞ ያን ወደ ኋላ የሚሮጥ ቀጭን ውኃ አያገኝም።

ማንኛውም ዳርቻም አይሆነውም። ጭቃማ ቦታ፣ ድንጋያማ ቦታ፣ ሞገድ የማይደርስበት ጸጥ ያለ ወሽመጥ አይመቸውም። የሚፈልገው ክፍት የሆነ፣ ሞገድ የሚመታው ንጹሕ አሸዋ ነው። እንዲህ ያለ ዳርቻ ለአብዛኛው ሕይወት ክፉ ቦታ ነው፤ አሸዋው ዘወትር ስለሚንቀሳቀስ ሥር የሚሰድ ነገር አይበቅልበትም፣ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳም የሚይዘው የለውም። ኤመሪታ በዚህ ቦታ በብዛት፣ ተጠጋግቶ ይኖራል። ሌላውን የሚያባርረው ሞገድ ለእሱ ኑሮው ነው።

‹‹በአሜሪካ ሞቃት ዳርቻዎች ብቻ ይገኛል›› መባሉም ልክ አይደለም። ወገኑ ዐሥር ያህል ዝርያዎች አሉት። በሰሜን አሜሪካ አትላንቲክ ዳርቻ ያለው ኤመሪታ ታልፖይዳ ነው። በፓስፊኩ ያለው ኤመሪታ አናሎጋ በሰሜንም በደቡብም አሜሪካ ቀዝቀዝ ባሉት ዳርቻዎች ይኖራል፤ በሁለቱ መካከል ካለው ሞቃት ቀጠና ግን ይጠፋል። የእኛ አህጉርም ድርሻ አላት፦ ኤመሪታ አውስትሮአፍሪካና በሞዛምቢክ፣ በደቡብ አፍሪካና በማዳጋስካር ዳርቻዎች ይገኛል። ተማሪዎቻችን ይህን ቢሰሙ እንስሳው የሩቅ ዓለም ነገር አይመስላቸውም ነበር።

ስለ መጠኑ ‹‹የሰው ጭብጥ ያህል›› ተብሏል። ትልቅ የምትባለው የኤመሪታ አናሎጋ ሴት ቅርፊቷ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ወንዱ ከዚያ በጣም ያንሳል።

የመራቢያው ነገር ከዚህ የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል፤ ለጀማው ክርክርም መሠረት ነው። ጽሑፉ ‹‹ሴቷ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ትሄዳለች፤ ሲፈለፈል ትንሽ ኤመሪታ ይወጣል›› ይላል። እንቁላል አሸዋ ውስጥ የምትቀብረው የባሕር ዔሊ ናት። ኤመሪታ ብርቱካናማ እንቁላሎቿን ከሆዷ ሥር ባሉ ትንንሽ አካላት ላይ አጣብቃ፣ በታጠፈው ጅራቷ ከልላ ትሸከማቸዋለች፤ በየሞገዱ ስትንከባለል እንኳ አይለዩዋትም። ኤመሪታ አናሎጋ በአንድ ጊዜ እስከ 45,000 እንቁላል ልትይዝ ትችላለች፤ ለመፈልፈልም አንድ ወር ያህል ይፈጅባቸዋል። የሚፈለፈለው ደግሞ እናቱን ፈጽሞ አይመስልም። ዞያ የሚባል፣ በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ጥቃቅን ዕጭ ነው። ዕጩ ቅርፊቱን እየቀያየረ፣ ከደረጃ ወደ ደረጃ እያለፈ፣ በኤመሪታ አናሎጋ አራት ወር ያህል በክፍት ባሕር ከፕላንክተን ጋር ይንሳፈፋል። ወደ ዳርቻ ተመልሶ አሸዋ ውስጥ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙው ይሞታል፤ የእንቁላሉ ብዛትም ለዚያ ነው። ስለዚህ የኤመሪታ ሕይወት አሸዋ ብቻ አይበቃውም። ዕጮቹ ወራት የሚንሳፈፉበት፣ ከዚያም ወደ አሸዋ የሚመልሳቸው ባሕር ያስፈልገዋል።

‹‹በዳርቻው ላይ ተከምረው የሚገኙት ባዶ ቅርፊቶች የጅምላ ሞት ምልክት ናቸው›› ለሚለው መልሱ አጭር ነው። እንደማንኛውም ክረስታሽያን ኤመሪታም ለማደግ ቅርፊቱን ይጥላል። ብዙዎቹ በተቀራረበ ጊዜ ሲጥሉ ሞገዱ ባዶዎቹን ሰብስቦ አንድ ቦታ ይከምራቸዋል።

‹‹ለሰው ጥቅም የለውም›› የሚለውን ግን በዝምታ ማለፍ አልችልም። ዳርቻ ላይ የሚርመሰመሱ ወፎችና ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚመላለሱ ዓሦች ይመገቡታል፤ ዓሣ አጥማጆች በመንጠቆ ላይ ይሰኩታል፤ በእስያ አንዳንድ አገሮች ሰውም ይበላዋል። ከዚህ የሚበልጠው ሌላ ነው። ውኃ አጣርቶ የሚበላ እንስሳ በውኃው ውስጥ ያለውን መርዝም አብሮ በአካሉ ያከማቻል። እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመ ጥናት በካሊፎርኒያ ዳርቻ ከተለያዩ ቦታዎች የተሰበሰቡ ኤመሪታዎችን መርምሮ፣ በአካላቸው ያለው የዲዲቲ መጠን ወደ ሎስ አንጀለስ የፍሳሽ መውጫ በቀረቡ ቁጥር በጣም እንደሚጨምር አሳየ። እዚያ ዲዲቲ የሚያመርት ፋብሪካ ቆሻሻውን በፍሳሽ መስመሩ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። ዲዲቲ በቆላችን ለወባ ሲረጭ የኖረ መድኃኒት ስለሆነ አንባቢዎቼ ስሙን ያውቁታል። ዛሬም በባሕሩ ውስጥ አንዳንድ ደቃቅ ሕዋሳት የሚያመነጩት መርዝ መጨመሩን ለማወቅ ባለሙያዎች ኤመሪታ ሰብስበው ይመረምራሉ። አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የባሕሩን ጤና የሚናገር እንስሳ ጥቅም የለውም አይባልም።

የቀረው ጀማ ነው። መምህሩ እንዲህ ያስባሉ፦ የጀማ ሸለቆ በአንድ ወቅት ባሕር ነበር፤ ለዚህም በኖራ ድንጋዩ ውስጥ የሚገኙት የባሕር ቅርፊቶች ምስክር ናቸው፤ ባሕሩ ሲሸሽ የአሸዋ ሸርጣኖቹ በወንዙ ውስጥ ቀሩ፤ ዛሬ በወንዙ ዳር የምናየው ሸርጣንም ያው እንስሳ ነው።

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለ ማንኛውም ተማሪም ሊያውቀው ይገባል። ዳይኖሰሮች በነበሩበት በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ ባሕር ይህን አገር ሸፍኖ ነበር። በዓባይና በጀማ ሸለቆ የሚታየው፣ ለሚ አካባቢም ለሲሚንቶ የሚፈነቀለው የኖራ ድንጋይ የዚያ ባሕር ወለል ነው። ውስጡ የተገኙት ቅርፊቶችም የባሕር እንስሳት ናቸው።

ችግሩ ‹‹ባሕሩ ሲሸሽ በወንዙ ውስጥ ቀሩ›› የሚለው ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ወንዙ አልነበረም። ባሕሩ ከሄደ ከረጅም ዘመን በኋላ፣ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ፣ ከምድር ውስጥ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ እየተደራረበ አገሩን ከደነው። የመንዝ አምባዎች፣ የጣርማ በር ገደል፣ ደብረ ብርሃን የተቀመጠችበት ሜዳ ሁሉ የዚያ ድንጋይ ናቸው። ጀማ፣ ወደ እሱም የሚገባው የኛው በሬሳ፣ ይህን ጥቁር ድንጋይ እየሰነጠቁ የወረዱት ከዚያ በኋላ ነው። ሸለቆው በጥልቀት ሲቆረጥ የጥንቱ የባሕር ወለል እንደገና ለፀሐይ ተገለጠ። ስለዚህ በባሕሩ አሸዋና በወንዙ አሸዋ መካከል አንድም እንስሳ ተሻግሮ ሊመጣበት የሚችል ድልድይ የለም፤ በመካከላቸው ከመቶ ሚሊዮን የሚበልጡ ዓመታትና የድንጋይ ተራራ አለ።

መምህሩ በወንዙ ዳር ሸርጣን ማየታቸውን አልጠራጠርም። በኢትዮጵያ ወንዞችና ሐይቆች የሚኖሩ፣ ፖታሞናውቴስ ከሚባል ወገን የሆኑ የጨው አልባ ውኃ ሸርጣኖች አሉ። እነዚህ እውነተኛ ሸርጣኖች ናቸው። ቅርፊታቸው ሰፊና ዝርግ ነው፣ ሁለት ጎልተው የሚታዩ መቆንጠጫዎች አሏቸው፣ ወደ ጎን ይራመዳሉ፣ ድንጋይ ሥርና የወንዝ ዳር ጉድጓድ ውስጥ ይደበቃሉ። ኤመሪታ ደግሞ በዝምድና የሚቀርበው ባዶ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ለብሰው ለሚዞሩት የባሕር እንስሳት ነው፤ ከእውነተኛ ሸርጣኖች የተለየ ጎራ ነው። የትኛውም የኤመሪታ ዝርያ በወንዝ ውስጥ አይኖርም። ሊኖርም አይችልም፦ ጀማ የሚመላለስ ሞገድ የለውም፣ ከፍና ዝቅ የሚል የባሕር ውኃ የለውም፣ በወራጅ ውኃ ላይ የሚለቀቅ ዞያም ቁልቁል ተጠርጎ ይሄዳል እንጂ አይመለስም።

የወንዙ ሸርጣን ይህን የመጨረሻውን ችግር የፈታበት መንገድ ከሁሉም ይገርመኛል። የሚንሳፈፍ ዕጭ የሚባለውን ደረጃ ጨርሶ ትቶታል። ሴቷ ጥቂት ግን ትልልቅ እንቁላሎች ታቅፋ፣ ከእንቁላሉ በቀጥታ እናታቸውን የሚመስሉ ጥቃቅን ሸርጣኖች ይወጣሉ፤ ወጥተውም ለጊዜው ከሆዷ ሥር ተጣብቀው ይቆያሉ። መምህሩ ‹‹ያው እንስሳ ነው›› ያሉት ይህን ነው። አንዱ በአስር ሺህ የሚቆጠር ዕጭ ለውቅያኖስ ይለቃል፤ ሌላው ጥቂት ግልገሎቹን ወራጅ ውኃ እንዳይወስድበት ይሸከማል።

ስለዚህ ጉዞው ይደረግ እላለሁ፤ በደስታም አብሬ እሄዳለሁ። ክረምቱ አልፎ ውኃው ጎደል፣ ጠራ ሲል ይሁን። የቢልሃርዝያ ነገር ስላለ ልጆቹ በባዶ እግራቸው ውኃ ውስጥ አይግቡ። አሸዋውን መቆፈሩ ይቅር፤ የኖራ ድንጋዩ ላይ የባሕር ቅርፊት ይፈልጉ፣ ከዳር ያሉትን ድንጋዮች ቀስ ብለው እያነሡ የወንዙን ሸርጣን ይፈልጉ፣ ያነሡትንም ድንጋይ ወደ ቦታው ይመልሱ። መቆንጠጫውን ያስተውሉ፣ ወደ የት እንደሚራመድ ይመዝግቡ። ሴት ሸርጣን ካገኙም በጥንቃቄ ገልብጠው የታጠፈውን ሆዷን ይመልከቱ። ከሥሩ እግርና መቆንጠጫ ያወጡ ግልገሎች ታቅፋ ከተገኘች፣ ስለ ጀማው ጉዳይ እኔ የምጨምረው የለኝም።